«ሁለትን ሦስት ጊዜ»፦ ድሬዳዋ ላይ የአንድ የጥናት ቡድን ጉዳይ

ጉዳዩ የጀመረው ከአንድ የፈተና ወረቀት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ከዚራ፣ የጥናት ቡድኔ በሚሰበሰብበት ግቢ በረንዳ ላይ። ስድስት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። በሳምንቱ መሀል የተፈተኑት የሒሳብ ፈተና ታርሞ ስለተመለሰላቸው ይዘውት መጥተዋል። የአንዷን ተቀብዬ ስገልጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው 16 የሚል መልስ ላይ ነው። ጥያቄው 2³ ስንት ነው የሚል ነበር።

ስድስት ብትጽፍ አይገርመኝም። 2³ ሲባል 2 በ3 አባዝቶ 6 የሚል ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ አብሮኝ ያረጀ ስህተት ነው። 16 ግን አዲስ ሆነብኝ። ልጅቷ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም፤ ማባዛት ላይ ከቡድኑ የሚቀድማት የለም።

«ይሄ 16 ከየት መጣ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ አንተ ነህ እኮ ያልከው። ሁለትን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዢ አልክ። አባዛሁ።»

(ለሌላ አገር አንባቢ፦ ድሬ ላይ «አንተ» ንቀት አይደለም። ትልቁም ትንሹም አንተ ነው።)

እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና ወረቀቱ ጥግ ላይ ሠራችልኝ። 2 × 2 = 4፤ አውራ ጣቷን አጠፈች፣ «አንድ»። 4 × 2 = 8፤ ሌባ ጣቷን፣ «ሁለት»። 8 × 2 = 16፤ የመሀል ጣቷን፣ «ሦስት»። ከዚያ የታጠፉትን ሦስት ጣቶች አሳየችኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ። ልጅቷ ያልኩትን ቃል በቃል ፈጽማለች። ሦስት ጊዜ አባዝታለች። 2³ ማለት 2 × 2 × 2፣ ማለትም 8 ነው፤ እዚያ ውስጥ ያሉት የማባዣ ምልክቶች ግን ሦስት ሳይሆኑ ሁለት ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ላባዛ ካልኩ አራት ሁለቶች ያስፈልጉኛል፤ አራት ሁለቶች ደግሞ 16 ይሰጣሉ። ለዓመታት «በራሱ ሦስት ጊዜ ማባዛት» ስል የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ስህተት ነበር። ያልተያዘብኝ፣ መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ስለማይሰማው ነው።

ይሄን ካየሁ በኋላ የድሮው 6 ራሱ ሌላ መልክ ያዘ። ልጆቻችን የማባዛት ሠንጠረዥን የሚሸመድዱት «ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት» እያሉ ነው። «ጊዜ» የሚለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ የማባዣ ምልክት ሆኖ ከተተከለ ቆይቷል። ታዲያ እኔ መጥቼ «ሁለት፣ ሦስት ጊዜ» ስላቸው ስድስት ቢሉ ምን አጠፉ? ከስድስቱ አንዱ አንደኛ ደረጃን የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አንዷ በሶማሊኛ። ስጠይቃቸው እዚያም ያው ነው፤ «የሮ ሰዲ» ቢሉ «ሰደህ ጄር» ቢሉ ሁለቱም «ሦስት ጊዜ» ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና «ቱ ቱ ዘ ፓወር ስሪ» ይባላሉ። ድምፁን ይይዙታል፤ ትርጉሙን ግን ሁሉም በየቤቱ ቋንቋ ነው የሚመነዝረው። ሲመነዝር ያቺው «ጊዜ» ትመጣለች።

ስለዚህ ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ትምህርት ተውኩት። ስድስቱንም ስለ ኤክስፖነንት (በአማርኛ ርቢ የምንለው) የሚያስቡትን እየቆፈርኩ ላጣራ ወሰንኩ። እዚህ የማቀርበው የዚያን ሥራ ሂደት ነው፤ ያልተሳካውንም ጨምሬ።

የሮቶው ጉዳይ

ግቢው ውስጥ ብረት ማማ ላይ የተሰቀለ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። ውሃ በጠፋ ቀን መድኃኒታችን እሱ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ማለት አንድ ሜትር ኪዩብ ነው፤ የውሃ ቢል ላይም የሚቆጠረው በሜትር ኪዩብ ነው። ልጆቹ ቃሉን ያውቁታል፤ «ኪዩብ» እና 3 ቁጥር ግን ዝምድና እንዳላቸው ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

«ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም 2 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ ብንሠራ፣ የስንት ሮቶ ውሃ ይይዛል?» አልኳቸው።

ሁለቱ ስድስት አሉ። ባለ 16ቷ ዝም አለች። አንዱ ልጅ ጠመኔ አንስቶ በረንዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣለና በመስቀለኛ ከፈለው፦ ወለሉ ላይ አራት። ከዚያ እጁን ከፍ አድርጎ «ከላይ ደግሞ ሌላ አራት» አለ። ስምንት። ማንም አልተከራከረም፤ የሚያከራክርም አልነበረም። ስድስት ያሉት ሁለቱ እንኳ ስምንትን ለማመን የኔን ፊት አላዩም፤ የጠመኔውን ሥዕል ነው ያዩት።

የቀረው ቃሉን ማስተካከል ነው። «ሦስት ጊዜ ማባዛት» የሚለውን ከልክዬ በምትኩ «ሦስት ሁለቶች ተሰልፈው ይባዛሉ» እንድንል ተስማማን። ትንሿ የላይኛዋ ቁጥር የሰልፈኞቹን ብዛት ትነግረናለች፤ የታችኛው ማን እንደተሰለፈ። 5² ማለት ሁለት አምስቶች ተሰልፈዋል፤ 10 ሳይሆን 25። 3⁴ ማለት አራት ሦስቶች፤ 12 ሳይሆን 81።

ይቺ አባባል ያን ቀን ብዙ ሠራች። 2³ × 2⁴ ን 4⁷ ያለ ልጅ ነበር፤ የታችኞቹንም አባዝቶ፣ የላይኞቹንም ደምሮ። «ሰልፉን ጻፈው» አልኩት። ሦስት ሁለቶች፣ ቀጥለው አራት ሁለቶች፤ ቢቆጥራቸው ሰባት ሁለቶች። አራት የሚባል ሰልፈኛ የለም። መልሱ 2⁷፣ ማለትም 128። (2³)⁴ ን ደግሞ 2⁷ ያለችው ልጅ፣ በሦስት በሦስት የተቧደኑ አራት ረድፎችን ስትጽፍ ራሷ 12 ሁለቶች ቆጠረች። ስህተቷን ስታየው ሳቀች እንጂ አልከፋትም።

አንዷ ብቻ «ሁልጊዜ እንዲህ ዘርግተን ልንጽፍ ነው?» ብላ አጉረመረመች። ትንሿን ቁጥር ከፍ አድርጎ መጻፍን ያስለመደው የፈረንሳዩ ደካርት መሆኑን፣ ዘመኑም በእነሱ አቆጣጠር 1637 እንደነበር፣ እሱ ራሱ ግን ስኩዌር (ትንሿ ቁጥር 2) ሲሆንበት ብዙ ጊዜ ፊደሉን ሁለቴ አስከትሎ ይጽፍ እንደነበር ነገርኳት። አሳጥሮ መጻፉን ያስለመደው ሰውዬ ዘርግቶ ለመጻፍ ካላፈረ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

የበለጠ ያስቸገረኝ መደመሩ ነው። 2³ + 2⁴ ን ከስድስቱ አራቱ 2⁷ አሉ። «ኤክስፖነንት ይደመራል» የሚለውን ሕግ ስለሚያውቁ ነው የተሳሳቱት፤ ሕጉን ባያውቁ ኖሮ 8 እና 16 ደምረው 24 ይሉ ነበር። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። አሁን አሁን በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ሰባት ስምንት የኤክስፖነንት ሕግ በአንድ ገጽ የደረደረ ሥዕል አልወደውም። ሕጎቹ ትክክል ናቸው። ሥዕሉ ላይ የሌለው ሕጉ የማይሠራበት ቦታ ነው። ተማሪው ሁለት ተመሳሳይ ቤዝ (የታችኛው ቁጥር) ባየ ቁጥር የላይኞቹን ይደምራል፤ መሀል ያለው ምልክት መደመሪያ ይሁን ማባዣ አይመለከትም። እኔም ርዕሱን ባስጀመርኩበት ቀን ያንኑ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ገልብጡ» ያልኩ ሰው ነኝ፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም።

ዜሮ ላይ ስንደርስ

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሰልፍ» ተሰበረ።

2⁰ ብዬ ጻፍኩ። «ዜሮ ሁለቶች ተሰልፈዋል። ስንት?»

«ባዶ ሰልፍ ነዋ!» አለ አንዱ። «ዜሮ።» አምስቱም ተስማሙ። እኔ ባሠራሁት ዘዴ መሠረት ፍጹም ምክንያታዊ መልስ ነው፤ ስህተት ግን ነው። 2⁻³ ላይ ደግሞ ባሰ። ኔጋቲቭ ሦስት ሰልፈኛ ማንም ስለማያውቅ ግማሹ −8፣ ግማሹ −6 አለ።

በሌላ ዘመን ቢሆን «ሕግ ነው፣ ዜሮ ያልሆነ ማንኛውም ቁጥር ሲረባ በዜሮ 1 ነው፣ ጻፉት» ብዬ አልፈው ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ አልፌአለሁ። ያን ቀን ግን ከልጆቹ አንዱ፣ ከትምህርት መልስ ታይዋን ገበያ አጎቱ ስልክ ቤት የሚያግዘው፣ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይነካካ ነበር። ልቆጣው አልኩና ሐሳቤን ቀየርኩ።

«እስቲ አንተ፣ የስልክ ሚሞሪ ከትልቁ ወደ ትንሹ ጥራልኝ።»

«256፣ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2…» አንዴም አላቆመም፤ ዋጋቸውንም ሊጨምርልኝ ነበር።

«ከ2 ቀጥሎስ?»

«1 ጂቢ። የድሮ ነው፣ አሁን ማን ይገዛዋል።»

«ከዚያስ?»

«512 ሜጋ።»

እያንዳንዷን ሲጠራ እኔ ሰሌዳው ላይ ወደ ታች እየጻፍኩ፣ ጎኗ 2⁸፣ 2⁷፣ 2⁶ እያልኩ እየወረድኩ ነበር። 4 ጎን 2² ደረሰ፤ 2 ጎን 2¹፤ 1 ጎን ደግሞ… የላይኛዋ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ አንድ ቀንሳ ዜሮ ላይ ቆማለች። ማንም ሳይነግራቸው 2⁰ የተቀመጠው ከ1 ጎን ነው። ባለ ሚሞሪው ልጅ ራሱ አፉን ይዞ ቀረ።

እኔ ያልጠበቅኩት ትልቁ ስጦታ 512 ሜጋ ናት። በኮምፒውተር አቆጣጠር አንድ ጊጋ 1024 ሜጋ ነው፤ 1024 ራሱ 2¹⁰ ነው። ስለዚህ 512 ሜጋ ማለት ልክ ግማሽ ጊጋ ነው፤ ቦታውም 2⁻¹። ከሥሯ 256 ሜጋ፣ ሩብ ጊጋ፣ 2⁻²። ከሥሯ 128 ሜጋ፣ የጊጋ አንድ ስምንተኛ፣ 2⁻³። ቁጥሮቹ እያነሱ ሄዱ እንጂ አንዳቸውም ከዜሮ በታች አልወረዱም።

«ኔጋቲቭ ስምንት ጂቢ ሚሞሪ ሸጠህ ታውቃለህ?» አልኩት።

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። የግቢው ባለቤት ብቅ ብለው «ሒሳብ ነው ወይስ ቲያትር?» አሉን። 2⁻³ ን −8 የሚል ስህተት ከዚያ ቀን በኋላ ከዚያ ቡድን አላየሁም። ላይ የተቀመጠችው የኔጋቲቭ ምልክት አቅጣጫ እንደምትናገር፣ «ውረድ፣ አካፍል» እንደምትል፣ እኔ ላስረዳ ስዘጋጅ እነሱ ቀድመውኝ እርስ በርስ ይነጋገሩበት ነበር።

ባለ 16ቷ ግን አልሳቀችም። ሰሌዳው ላይ አፍጥጣለች። ትንሽ ቆይታ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መነሻው 1 ከሆነ የኔ አቆጣጠር ልክ ነበር ማለት ነው።»

«እንዴት?»

ወጥታ ጻፈች። 1 × 2 = 2፤ አውራ ጣቷን አጠፈች፣ «አንድ»። 2 × 2 = 4፣ «ሁለት»። 4 × 2 = 8፣ «ሦስት»። «ያኔ የተሳሳትኩት ሁለትን ይዤ ስለተነሳሁ ነው። ከአንድ መነሳት ነበረብኝ።»

ቀዳዳ ፈለግኩበት፤ አላገኘሁም። ከ1 ተነስቶ በ2 ሦስት ጊዜ ማባዛት፦ 8። ከ1 ተነስቶ ምንም ጊዜ አለማባዛት፦ እዚያው 1። ከ1 ተነስቶ ሦስት ጊዜ በ2 ማካፈል፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ። በ5 ቢሆን፣ በ10 ቢሆን፣ በአንድ ሦስተኛ ቢሆን ይሠራል። «ሰልፍ» ዜሮ ላይ የወደቀው መነሻ ስላልነበረው ነው፤ የሷ አካሄድ መነሻ አለው። እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ የከለከልኩት «ሦስት ጊዜ ማባዛት» የሚለው አባባልም፣ «ከ1 ተነስተህ» የሚል ቢጨመርበት፣ ለካ ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ቃል ነው።

አንዱ ወዲያው «0⁰ስ?» አለ። እንዲህ ያለ ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም። በሷ መንገድ ከሄድን 1 ይወጣል፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን ሕጉን የሚሰጠው ዜሮ ላልሆነ ቤዝ ብቻ ነው፤ ፈተና ላይ በመጽሐፉ ሂድ አልኩት። 0⁻² ን ግን ራሱ ሞክሮ ከ1 ተነስቶ በዜሮ ሊያካፍል ሲል አቆመ። «አይቻልም» ብሎ ተቀመጠ።

ካልኩሌተሩ «የተበላሸበት» ቀን

በሦስተኛው ሳምንት የገጠመን ዓይነቱ ሌላ ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ያሸነፍኩት አይመስለኝም።

−3² ስንት ነው? ሁለቱ ልጆች በአንድ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ተራ በተራ ሠርተው አንዱ −9፣ አንዷ 9 አሉ። «ተበላሽቷል» ተባለ። ካልኩሌተሩን ተቀብዬ እያንዳንዳቸው የነኩትን ቁልፍ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኩ። ልጁ የኔጋቲቭ ምልክት፣ 3፣ የስኩዌር ቁልፍ፣ እኩል ይሆናል፦ −9። ልጅቷ የኔጋቲቭ ምልክት፣ 3፣ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በወጣው መልስ ላይ ስኩዌር፣ እኩል ይሆናል፦ 9። ካልኩሌተሩ ለሁለቱም ትክክል መልሷል። የመጀመሪያው የጠየቀው −3² ን ነው፤ ሁለተኛዋ የጠየቀችው (−3)² ን ነው። ኤክስፖነንት የሚነካው የተቀመጠበትን ብቻ ነው። ቅንፍ ከሌለ የተቀመጠው 3 ላይ ነው፤ የኔጋቲቭ ምልክቱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

(ኤክሴል ላይ ይኼንኑ −3² በቀመር ብትጽፉት 9 ይላችኋል፤ ፕሮግራሙ ምልክቱን የሚያስቀድም የራሱ ደንብ አለው። ቢሮ የምትሠራ እህት ያለችው ልጅ ይሄን አምጥታ ስታፋጥጠኝ ጥቂት ላብ አልቦኛል። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።)

እዚህም ከሥር ያለው ችግር አነጋገር ነው። ሁለቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ «ኔጋቲቭ ሦስት ስኩዌር»። አንድ ናቸው። ቅንፍ ድምፅ የለውም። ከቋንቋችን መፍትሔ ያገኘሁትም እዚሁ ላይ ነው፤ «የ» ትለያቸዋለች። −3² «የሦስት ስኩዌር፣ ኔጋቲቭ» ይባል፤ (−3)² ደግሞ «የኔጋቲቭ ሦስት ስኩዌር»። እንዲሁም 2ሀ² «የሀ ስኩዌር እጥፍ»፣ (2ሀ)² «የሁለት ሀ ስኩዌር»። ሀ በ3 ቢተካ የመጀመሪያው 18፣ ሁለተኛው 36 ነው። ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረግኩ፤ አፋቸው «የ»ን የት እንደሚያስቀምጣት ካላወቀ እጃቸውም አያውቅም። ቀስ ብሎ ገባቸው። ለአምስቱ ማለቴ ነው።

አሥራ ሦስት ካሬ

(ሀ + ለ)² ን ሀ² + ለ² የማይል ተማሪ አልገጠመኝም ብል ማጋነን አይደለም። ለዚህ የረዳኝ የአንዱ ልጅ አባት ሙያ ነው፤ ሴራሚክ አንጣፊ ናቸው። ድሬ ላይ ስለ ቤት ሲወራ «ስንት ካሬ ነው?» ይባላል እንጂ ሜትሩን የሚጠራው የለም። «ካሬ» ያው ስኩዌር ነው፤ ልጆቹ ግን በቦታ ሽያጭ የሚሰሙትን ካሬና ደብተራቸው ላይ ያለችውን ትንሽ 2 አንድ ቀን አገናኝተዋቸው አያውቁም።

«አባትህ አንድ ክፍል ሊያነጥፉ ሄዱ። ክፍሉ 3 በ3 ሜትር ነበር፤ ባለቤቱ ግድግዳ አፍርሰው በርዝመቱም በወርዱም 2 ሜትር ጨመሩበት። አሁን 5 በ5 ነው። አንተ ደግሞ 3² ሲደመር 2² ብለህ 13 ካሬ ሴራሚክ ገዝተህ ላክላቸው።»

«ይገድለኛል» አለ።

«ስንት ይጎድላል?»

25 ካሬ ያስፈልጋል፤ 12 ይጎድላል። የጎደለው የት እንዳለ ለማየት የበረንዳውን ወለል ተጠቀምን፤ ባለ አራት ማዕዘን ንጣፍ ስለሆነ ለመቁጠር ያመቻል። አምስት በአምስት ንጣፍ በጠመኔ ከበቡ። ጥጉ ላይ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ። ተቃራኒው ጥግ ላይ ሁለት በሁለት፣ አራት። የቀሩት ሁለት ጥጎች ባዶ፤ አንዱ 3 በ2፣ ሌላውም 3 በ2። ስድስትና ስድስት። ያቺ ከሀ² + 2ሀለ + ለ² ውስጥ ሁልጊዜ የምትረሳው 2ሀለ ወለል ላይ ተኝታ ነበር። ባለ ሴራሚኩ ልጅ ሄዶ ባዶው ላይ ቆመበት። አንድ እግሩ በአንዱ ስድስት ላይ፣ ሌላው እግሩ ሊደርስ አልቻለም።

ራሳቸው ወጥመድ ሲያጠምዱ

ከሞከርኩት ሁሉ ትንሽ ልፋት ወስዶ ብዙ የመለሰልኝ ይሄ ነው። ምርጫ ያለው ፈተና ላይ የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተበተኑ ቁጥሮች አይደሉም፤ ፈተና አውጪው ተማሪ የት እንደሚወድቅ ገምቶ የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ስለዚህ ፈተናውን እነሱ ያውጡት አልኩ። ጥያቄው 3⁻² ነው፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ዘጠነኛ። ጓደኛችሁን የሚያሳስቱ ሦስት ምርጫዎች አዘጋጁ፤ ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ እንዴት እንደተገኘ ማስረዳት አለባችሁ።

ባለ ሚሞሪው ልጅ ይሄን አዘጋጀ፦ ሀ) −9 ለ) −6 ሐ) አንድ ዘጠነኛ መ) 9። ሲያስረዳ፦ «−9 የሚለው፣ ኔጋቲቯን ከላይ አውርዶ ፊት ለፊት የለጠፈ ሰው ነው። −6 የሚለው፣ ጊዜ ብሎ ያባዛ ነው። 9 የሚለው፣ ኔጋቲቯን ያላያት ነው።» ከሦስት ሳምንት በፊት −6 ያለው እሱ ራሱ ነበር። እኔ ግን አላነሳሁበትም።

ወጥመዶቹን ከሠሩ በኋላ ወረቀት እየተለዋወጡ ተፋለሙ። 2³ + 2⁴ ላይ አራቱም ምርጫ ውስጥ 24 ያላስገባ ፈታኝ ተገኝቶ ከፍተኛ ጠብ ሆነ፤ ባለጥያቄው 2⁷ ትክክል ነው ብሎ ያምን ነበር። ሁለት ጊዜ ዘርግተን ሠርተነዋል፤ ሮቶም፣ ሰልፍም፣ ሁሉም አልፎበታል። ግን እዚያው ነበር። ስህተት አንድ ጊዜ ሲታይ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ እኛም ሥራ አጥ በሆንን።

ምን ቀረ

በወሩ መጨረሻ፣ ሳልነግራቸው፣ አሥር ጥያቄ ሰጠኋቸው። 2³ ን ስድስቱም ሠሩ። 7⁰ ን ስድስቱም። ኔጋቲቭ ኤክስፖነንት ላይ አንዷ 5⁻¹ ን −5 አለች፤ ወዲያው ራሷ ሰርዛ አስተካከለች፤ ስርዙ ወረቀቱ ላይ አለ፤ እኔ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ስርዙ ደስ አሰኝቶኛል። −3² ላይ አንዱ አሁንም 9 ብሏል፤ ያው በ«የ» ንባብ ላይ የቀረው ስድስተኛው ነው። ሲጠየቅ ጮክ ብሎ በትክክል ያነበዋል፤ ዝም ብሎ ሲሠራ ግን ይጠፋዋል። ለሱ ያገኘሁት ዘዴ የለኝም።

ባለ ሴራሚኩ ልጅ (3 + 2)² ን 25 ብሎ በቀጣዩ መስመር ላይ (ሀ + ለ)² ን ሀ² + ለ² ብሎ ጽፏል። በቁጥር ሲሆን ወለሉን ያየዋል፤ በፊደል ሲሆን ወለሉ ይጠፋል። «ፊደሉን በቁጥር ተካና አረጋግጥ» የሚለውን ልማድ ገና እየተከልንበት ነን። ሀን 1፣ ለን 1 አድርጎ መሞከር ብቻ ይበቃል፦ በግራ 4፣ በቀኝ 2። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ግን ፈተና ላይ ያቺን አሥር ሰከንድ ማን ያስታውሳል?

ባለ 16ቷ አሥሩንም ሠርታለች። ደብተሯን ብትገልጡ ኤክስፖነንት ባለበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ 1 እና የማባዣ ምልክት ታያላችሁ። 1 × 2 × 2 × 2። 1 × 5 × 5። 7⁰ ላይ 1 ብቻዋን ቆማለች። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱን አዲስ ፈተና ይዛ መጣች። ማርኳ ሙሉ ነው፤ ግን መምህሯ አራት ቦታ ላይ በቀይ «ይቺ 1 ምንድን ናት?» ብሎ ጽፎባታል።

«ቲቸር፣ ልተዋት እንዴ?» አለችኝ።

«ጠየቀሽ እኮ» አልኳት። «ሰኞ ሂጂና አስረጂው።»